የጫማ ቀለም የሚሸት ፈረስ

የፈረስ ዕቃ ሰፊውን ሽማግሌ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጠርጥር» ይላቸዋል። ስሙ ያለ ነገር አልወጣላቸውም። ዳቦ ሲገዙ ገልብጠው ሆዱን ሳያዩ አይቀበሉም፤ ሐኪም «ጤነኛ ነዎት» ካላቸው «ምን ደብቆኝ ይሆን?» ብለው ሌላ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ። የእህታቸው ልጅ ለእርሻዋ ፈረስ ልትገዛ መሆኑን ሲሰሙም «እኔ ሳላየው ግቢሽ አይገባም» ብለው፣ ሳትጠራቸው ተከትለዋት የእርሻ መሣሪያ የሚጎትቱ ፈረሶች ወደሚሸጡበት ባዛር መጡ። ያላት ፈረስ አርጅቷል፤ ዛሬ ካልገዛች የዘር ጊዜ ያልፋታል።

ሜዳው ላይ ፈረሶች ማረሻ ይስባሉ፣ ማጨጃ ይጎትታሉ። ስድስት ፈረሶች ዙሪያውን እየዞሩ የሚያንቀሳቅሱት የእህል መውቂያ መሣሪያ ገለባ ይተፋል። ጋሽ ጠርጥር ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩ።

«ሞተር ቀብረውበታል» አሉ።

«የምን ሞተር አመጡብኝ አጎቴ! ይምጡ ይልቅ» ብላ እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው።

የመረጠችው ጥቁር ፈረስ ደረተ ሰፊ፣ ዓይኑ የረጋ ነበር። ባለቤቱ ወፍራም ገበሬ ነው፤ ሽማግሌውን ሲያይ ክው አለ። ከልጅቷም ጋር ተያየ። ጋሽ ጠርጥር ይህቺን መተያየት አላለፏትም። «ተማክረዋል» አሉ በሆዳቸው፤ በእጃቸው ያሳደጓት ልጅ ናትና ነገሩ አንገበገባቸው።

ጥርሱን አዩ። ሰኮናውን አንኳኩ። ወደ ኋላ አስኬዱት። እንከን አጡለት፤ ማጣታቸው ይባስ አናደዳቸው። ወደ አንገቱ ጠጋ ሲሉ ግን አንድ ነገር ሸተታቸው። ሃምሳ ዓመት ከቆዳ ጋር የኖረ አፍንጫ አይሞኝም፤ የጫማ ቀለም ነው። የቆዳ ዕቃ ሳይታሰርበት ባዶውን በቆመ ፈረስ ላይ የጫማ ቀለም ምን ይሠራል? አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ትከሻውን ፈተጉት። ጣታቸው ጠቆረ፤ ከሥሩ እንቁላል የሚያህል ነጭ ጠባሳ ብቅ አለ።

«ያዝኩህ!» ብለው ጮኹ። ሰው ተሰበሰበ። «አንተ ሌባ! አቁስለህ፣ ቀለም ቀብተህ ለልጄ ልትሸጥላት?»

«ኧረ ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ። ጠባሳውን እሷ ትናንት መጥታ አይታዋለች። ከዳነ ሁለት ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ ከማን ነው የደበቅከው?»

ገበሬው ልጅቷን አየ። ልጅቷ አቀርቅራለች።

«ከእርስዎ» አለ።

ከጋሪው ላይ፣ ከጆንያ ሥር፣ የፈረሱን የአንገት ትራስ አወጣ። ፈረስ ሲጎትት አንገቱ ላይ ጠልቆ ትከሻው ላይ የሚያርፍ፣ ገለባ የታጨቀበት ቆዳ ነው። ሽማግሌው ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት። በውጭ በኩል ሥራቸው ሁሉ ላይ የሚያኖሯት የኮከብ ምልክት አለች። በውስጥ በኩል ግን ስፌቱ ተተርትሮ በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ክር እንደገና ተሰፍቷል።

«የክሩ ቋጠሮ ወደ ውስጥ ቀርቶ ትከሻውን ልጦት ነበር» አለ ገበሬው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎን ላለማስቀየም ብለን...»

ከተሰበሰቡት ገበሬዎች ግማሹ ደንበኞቻቸው ናቸው። ጋሽ ጠርጥር ዞረው «የእናንተስ?» አሉ። አንዱ በእጁ የያዘውን የአንገት ትራስ ወደ ጀርባው ደበቀ፤ ሌሎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ዓለምን ሁሉ ሲጠረጥሩ ኖረው የደከመ የገዛ ዓይናቸውን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠሩም ነበር። አፈሩ፤ እጅግ አፈሩ።

«አጎቴ፣ እንሂድ?» አለች ልጅቷ ክንዳቸውን ይዛ።

«የት ነው የምንሄደው? ፈረሱ ጥሩ ነው፣ ግዢው» አሉ። የአንገት ትራሱን ለገበሬው መለሱለት። «አዲስ የአንገት ትራስ ግን ሌላ ሰው ጋ አሰፊለት።»