የተኮተኮተችው ነጭ አበባ

ጋሽ ሚስባህ ከኮምቦልቻ በላይ ያለውን ደን መጠበቅ ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ችግኝ ጣቢያ ሠርተዋል። ሚስታቸው ፋጡማ ከሞተች ወዲህ ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል ሳይናገሩ የሚመሽባቸው ጊዜ ብዙ ነው። ዝንጀሮ መቆጣት ከወሬ ከተቆጠረ ግን ተጫዋች ናቸው።

አምና በክረምት ሀናን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ መጥታ ደኑን ስታስስ ሰነበተች። የምትፈልገው ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ቅጠል የሌለው ነጭ ተክል ነው አለቻቸው። ፀሐይ አይሻም፤ ምግቡን የሚያገኘው መሬት ውስጥ ካለ እንጉዳይ ነው። ሳታገኘው ተመለሰች። «ካዩት ይደውሉልኝ፤ እመጣለሁ» ብላ ስልኳን ሰጠቻቸው።

ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ከአንድ ዝግባ ሥር፣ በብስባሹ ቅጠል መሃል፣ አምስት ነጫጭ አበቦች አዩ። ወዲያው ለሀናን ደወሉ። ሐሙስ እመጣለሁ አለቻቸው። ዕለቱ ሰኞ ነበር። በዚያው ወደ ደሴ ወጥተው ከሰኞ ገበያ አንድ የሻይ ብርጭቆ ገዙ፤ ቤታቸው ያለው አንድ ብቻ ነበርና።

ማክሰኞ አበቦቹ እስከ ሐሙስ እንዳይጠወልጉ ሰጉ። ስለዚህ የለመዱትን አደረጉ። ብስባሹን ቅጠል ጠርገው አነሱ፣ ዙሪያውን ኮተኮቱ፣ አፈር አስታቀፉ፣ ውሃ አጠጡ። በእጃቸው ያለፈ ችግኝ ሁሉ ያደገው እንዲህ ነው። ቅንድብ እኩላለሁ ብሎ ዓይን ማጥፋት ይሏል ይህ ነው።

ሐሙስ ሀናን ስትደርስ አምስቱም ጠቁረው ተኝተዋል። ተንበርክካ አፈሩን በጣቷ ነካች።

«ጋሼ፣ ማን ነው የኮተኮተው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። እንዲያምርልሽ ብዬ።»

«የሚመገበው እንጉዳይ እኮ ያለው ብስባሹ ውስጥ ነበር» አለች ቀስ ብላ። ቀና ብላ ፊታቸውን ስታይ ደነገጠች። «አብሽሩ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አልነገርኩዎትም።»

መኪና እየጠበቃት ስለነበር ሻይ ሳትጠጣ ሄደች።

ጋሽ ሚስባህ የጠረጉትን ቅጠል በጋቢያቸው እየተሸከሙ መለሱት። መስከረም ገባ፤ ምንም ብቅ አላለም። አንድ ቀን ከሰዓት ደወሉላት።

«በቀለ እንዴ ጋሼ?»

በቅሏል ቢሏት ነገውኑ እንደምትመጣ ያውቃሉ። ቃሉ አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር።

«አልበቀለም።»

«ታዲያ በደህና ነው የደወሉት?»

«ወላሂ፣ አለመብቀሉን የምነግረው ሰው አጥቼ ነው» አሉ።