ሚኒስትሩ ብድግ ያለ ዕለት

ታቢታ ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል የመስተንግዶ ኃላፊ ናት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ያላየችው የእንግዳ ጠባይ የለም፤ ሾርባው በረደ ብሎ የሚነጫነጨውን ገና ከአቀማመጡ ትለየዋለች። የሹም ጠባይ ግን የአገር ጉዳይ መሆኑን የተረዳችው ባለፈው የካቲት ነው።

ያኔ የጭነት መኪና ሾፌር የሆነው ልጇ ኦሊያድ በሁለት ጎረቤት አገሮች መካከል ድንበር ተዘግቶበት በረሃ ላይ ከቆመ አሥራ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር። የሚጠጣው ውሃ እያለቀበት ነበር። የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ለድርድር የመጡት ደግሞ እሷው ሆቴል! አንዱ ሽበታም ሽማግሌ፣ ሌላው ገና አርባ ያልሞላው ወጣት ናቸው።

«ለምን ዘጉት ግን?» አለችው ቃለ ጉባኤ ሊይዝ የመጣውን የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ዘሪሁንን።

ዘሪሁን ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ሽማግሌው ሲገቡ ወጣቱ ከወንበሩ አልተነሳላቸውም። ናቀኝ ብለው አኮረፉ።»

«ለዚህ?»

«ለዚህ፣ እትዬ ታቢታ። ወረቀቱ ላይ ብዙ ምክንያት ተደርድሯል፤ ሥሩ ግን ይኸው ነው።»

ታቢታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጌታ ሆይ፣ የአንድ ሰው ኩርፊያ ይህን ሁሉ መኪና ያቆማል?

ምሳ ደረሰ። የፕሮቶኮል ሹሙ በአገሮቹ ስም የፊደል ተራ መሠረት ቅድሚያ ለወጣቱ እንዲሰጥ አስጠንቅቋት እሺ ብላለች። ማስታጠቢያውን ይዛ ስትገባ ግን እግሯ የለመደውን አደረገ። በአባቷ ቤት እጅ ማስታጠብ የሚጀመረው ከሽበት ነው። ወጣቱን አልፋ ሽማግሌው እጅ ላይ ውሃ ማፍሰስ ጀመረች።

ወጣቱ ፊቱ ደም መሰለ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ብድግ አለ። ታቢታ ቅርብ ስለነበረች ዓይኑን አየችው፤ ጥሎ ሊወጣ ነው። ልጄን በገዛ እጄ ገደልኩት አለች በልቧ።

ሽማግሌው ቀና ሲሉ ያዩት ግን የቆመ ሰው ብቻ ነው።

«ተነሳህልኝ!» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ በእርጥብ እጃቸው አቀፉት። ወጣቱ እንደ እንጨት ደርቆ ቆየና እሱም ቀስ ብሎ አቀፋቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ።

በማግስቱ ድንበሩ ተከፈተ። ሬዲዮው ጥልቅ ውይይት ተካሄደ አለ። ታቢታ ያየችውን ሆድ ይፍጀው ብላ ያዘችው፤ መደነቋ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቃትም።

ኦሊያድ ደወለ። «እማዬ፣ ተከፈተ እኮ! ትልልቅ ሰዎች መክረውበት ነው አሉ።»

«ቶሎ በል፣ ልጄ» አለችው፤ ድምፁን ስትሰማ እንባዋ መጣ። «ሌላ ሰው ሳያኮርፍ ተሻገር።»