ከጉማሬው ጀርባ የቆመው ሰው

ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው ያድርና ጎህ ሲቀድ ቀጥ ይላል። የሐዋሳ ሐይቅ ሞልቶ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ያለውን ጨፌ እኩሌታውን ውጦታል። እናንተ ለሥልጠና የመጣችሁት በበጋ ነውና ያንን ጭቃ አታውቁትም። ቦቲ ያደረገ ሰው እግሩን ሲያነሳ ቦቲው እዚያው ይቀራል። እኔ ይህን ስለማውቅ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ሳቂ አንቺ፣ ሳቂ፤ ነሐሴ ሩቅ አይደለም።

ሦስት ነበርን። እኔ እንደምታዩኝ ነኝ፤ ዕድሜዬን በባሌና በአርሲ ተራሮች አዳኞችን ስመራ ጨርሼ ሐዋሳ ቤቴ የገባሁ ሰው። ሁለተኛው ታሪኩ ነው፤ አሁን አለቃችሁ የሆነው፣ ያኔ ክላሹን አንግቶ የሐይቁን ዳር የሚጠብቅ ስካውት። ሦስተኛው ላሚሶ ይባላል፣ ዓሣ አስጋሪ ነው። አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደልዳላ ነው፣ ወሬ አያበዛም፣ ሲስቅ ግን ከማዶ ይሰማል። ጉማሬዎቹ ከውሃ የሚወጡባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ ስለሚያውቅ መሪያችን እሱ ነበር።

የወጣነው ለአንድ ጉማሬ ነው። የሆነ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ ከርቀት በክላሽ ተኩሶበት ጥይቷ ትከሻው ውስጥ ቀርታ ቁስሉ አመርቅዟል። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ነው የሚውለው። ይኼኛው ግን ሕመሙ አላስቀምጥ ብሎት በጠራራ ፀሐይ በሐይቁ ዳር ፊላ ሣር ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ ሰው ሲቀርበው ይነሳና ያባርራል። ሣር ስታጭድ የነበረች የአንዲት ሴትን የጎድን አጥንት ሰበረ። የአንድ አስጋሪ ጀልባንም ለሁለት ከፈለ። በመጨረሻ እንዲገደል ፈቃድ ወጣና ጠመንጃው ለእኔ ተሰጠ።

ፈቃዱ እስኪመጣ አንድ ወር ተኩል ተቀምጠናል። ተቀምጠናል ስላችሁ ወንበር ላይ አይደለም። በየጠዋቱ እኔና ታሪኩ ባዶ ጠመንጃ ይዘን የታቦርን ተራራ በሩጫ እንወጣለን። አንዳችን ቀድሞ ይወጣና ገለባ የታጨቀ ግራጫ ማዳበሪያ ዛፍ ላይ ያንጠለጥላል። ማዳበሪያው ጉማሬው ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከማዳበሪያው ጀርባ ቢጫ ጀሪካን ያስቀምጣል፤ ጀሪካኗ ሰው ናት። ሁለተኛው እያለከለከ፣ ላብ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ይደርሳል። ያኔ ነው መወሰን ያለበት። ጀሪካን ከሌለ ምላጭ ይስባል። ካለች ጣት ከምላጭ ይነሳል፣ ተኳሹ ቦታ ይቀይራል፣ እንደገና ያያል። ሳያይ ምላጭ የሳበ እስከ ታች ወርዶ እንደገና ይወጣል።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ የወረድኩት እኔ ነኝ። አዎ፣ እኔ! ያን ሁሉ ዘመን የተኮስኩት ሜዳ ላይ፣ ተረጋግቼ፣ ከጀርባው ተራራ ባለበት ነዋ። ታሪኩ ሆዱን ይዞ እየሳቀ «ጋሽ ወርቁ፣ ዛሬም ገደሏት!» ይለኛል። ተናደድኩ፣ አልደብቃችሁም። ልጄ በሚሆን ሰው መሳቂያ መሆን ያናድዳል። ግን ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ወጣሁ። በሦስተኛው ሳምንት ዓይኔ ከማዳበሪያው በፊት ጀርባውን መፈለግ ጀመረ። አሁን እናንተን እንዲህ የማሯሩጣችሁ ጠልቻችሁ አይደለም። ሰው ሲደነግጥ እጁ የለመደውን ነው የሚሠራው፤ ያኔ ቁጭ ብሎ ማሰብ የለም።

ወደዚያች የነሐሴ ጠዋት ልመለስ። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ ገና አልተነሳም። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቆቹ አሞራዎች ዛፍ ላይ ተኮራምተዋል። ላሚሶ ከፊት ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። ዱካውን ያገኘው እሱ ነው፤ አራት ጣቱ ጭቃው ላይ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፣ ውሃ ግን ገና አልሞላበትም። የቀኝ የፊት እግሩን እየጎተተ ነበር የሄደው፤ በየርምጃው ጭቃው በአንድ ጎን ተጠርጓል። ፊላው ላይ መግል ተለቅልቆ አየሁ፣ ሽታውም መጣ። ነፋሱ ከሐይቁ ወደ እኛ ስለነበር ሊያሸተን አይችልም።

ሹክ ብዬ ነገርኳቸው። «ሲነሳ ወደ ውሃው ነው የሚሮጠው። መንገዱን አንዘጋበትም። ጎኑን ሲሰጠኝ ከጆሮው ሥር እመታዋለሁ። ታሪኩ፣ እኔ ካላልኩህ አትተኩስም።» ታሪኩ ራሱን ነቀነቀ። ላሚሶም ገባው። ጥይት አጎረስኩና አንድ ትርፍ ጥይት በግራ እጄ ጣቶች መሐል ያዝኩ። ሁሉን ነገር ያሰናዳሁ መስሎኝ ነበር።

ያላሰናዳሁት ሐይቁን ነው። ሦስት ጀልባዎች ተከትለውን ኖሯል። አንዱን የሚቀዝፈው የላሚሶ ታናሽ ወንድም ሀይሶ ነው፤ ወንድሙ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ሲገባ ቤት መቀመጥ አልቻለም። ጭጋጉ ሲገለጥ አየኋቸው፤ ራቅ ብለው ውሃው ላይ ቆመዋል። ሩቅ ናቸው ብዬ ተውኳቸው። አንድ ሰው ልኬ ዘወር በሉ ማስባል ነበረብኝ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ የማንም አይደለም።

የሐይቁ አስጋሪዎች አንድ ልማድ አላቸው። ጉማሬ ሲጠጋቸው በመቅዘፊያ የጀልባውን ጎን ይደበድባሉ። ድምፁ ውሃው ውስጥ ያስተጋባል፣ ጉማሬው ይሸሻል። ብዙ ሰው ያተረፈ ልማድ ነው። እንግዲህ ጉማሬው ሃያ ርምጃ ያህል ሲቀረን ከፊላው ውስጥ ብድግ አለ። እንዳልኩትም ወደ ውሃው ዞረ። ጎኑን ሊሰጠኝ ትንሽ ሲቀረው ሀይሶና ጓደኞቹ አውሬው ላሚሶ ላይ የተነሳ መስሏቸው ጀልባዎቹን መደብደብ ጀመሩ። ዷ! ዷ! ዷ! ጉማሬው መሸሺያዬ ነው ያለው ውሃ ጮኸበት። ቆመ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረ።

ያ ሁሉ ሥጋ፣ ያውም በሦስት እግር፣ እንደ ባጃጅ ይፈጥናል። ላሚሶ ሊሸሽ ዘወር ሲል ቦቲው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና በደረቱ ወደቀ። ጠመንጃዬ ትከሻዬ ላይ ነው። የጉማሬው ግንባር ማነጣጠሪያዬ ውስጥ ሞልቷል። ላሚሶ «ተኩሱ! ጋሽ ወርቁ፣ ተኩሱ!» ይላል። ጣቴ ምላጩን ነክታለች። ያኔ ዓይኔ ከጉማሬው ጀርባ ሄደች፤ ሀይሶ ጀልባው ላይ ቆሞ መቅዘፊያውን ወደ ላይ አንስቷል፣ ከእኔ ሲታይ ልክ በአውሬው ራስ አናት ላይ። ብስት፣ ወይም ጥይቷ አጥንት ገጭታ ብትነጥር የምትሄደው ወደ እሱ ነው።

ጣቴን አነሳሁ። እኔ ወስኜ አነሳኋት ብዬ ልኮፈስባችሁ እችል ነበር፤ እውነቱ ግን ከእኔ ቀድማ ራሷ ተነሳች። ታሪኩ በጎኔ ክላሹን ሲያነሳ አየሁና «አፈሙዝ ወደ መሬት!» ብዬ ጮህኩ። አወረደ። ጓደኛው ዓይኑ ፊት ሊበላ፣ ጥይት እጁ ውስጥ እያለ፣ አወረደ። ይህን ለማድረግ ምን ያህል ወንድነት እንደሚጠይቅ ሳትደርሱበት አይገባችሁም።

ወደ ግራ ተራመድኩ። አንድ፣ ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ። ሁለት። ጉማሬው ላሚሶ ጋ ደረሰና እግሩን ነከሰ። የአጥንቱን ድምፅ ሰማሁት፤ ዛሬም ይሰማኛል። ሦስት። አሁን ከአውሬው ጀርባ ያለው የአፈር ጉብታ ብቻ ነው። ጎኑን፣ ጆሮውን አየሁ። ተኮስኩ። ጉማሬው አፉን እንደከፈተ በጉልበቱ ተንበረከከና ተጋደመ። ባዶ ቀለሁን አውጥቼ ያችን ትርፍ ጥይት አጎረስኩና ጠበቅኩ፤ አላስፈለገችም።

ምን አልሽ? ፈርተው ነበር ወይ? ልጄ፣ ጠመንጃውን ያወረድኩት በሁለት እጄ አንቄ ነው፤ ጣቶቼ አልላቀቅ ብለውኝ። ታሪኩ ነው የክላሹን ማንገቻ ፈትቶ የላሚሶን ጭን ጥብቅ አድርጎ ያሰረው። ይህንንም ታቦር ላይ ተለማምደነዋል። ሀይሶ እያለቀሰ ቀዝፎ አሞራ ገደል አደረሰን፤ ከዚያ በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት። ላሚሶ ነፍሱ ተረፈች። እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

በሳምንቱ ልጠይቀው ሄድኩ። ሀይሶ ግርጌው ተቀምጧል። ላሚሶ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሽ ወርቁ፣ አይቼዎት ነበር። ጠመንጃው ተነስቶ ነበር። ጮህኩ። ለምን ዘገዩ?»

ወንድምህን አይቼ ነው ብለው፣ ሀይሶን በወንድሙ ፊት ባለዕዳ ማድረግ ይሆንብኛል። ጀልባዎቹን ያላባረርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። እንደ ጥፋተኛ አንገቴን ደፋሁ። የመለሰው ሀይሶ ነው።

«እኔን አይተው ነው» አለ። «አፈሙዙ ወደ እኔ ነበር። ቀዳዳውን አየሁት፣ ክብ ነበር። ሞትኩ ብዬ ነበር። ከዚያ እሳቸው ዘወር አሉ።»

ላሚሶ ወንድሙን አየው። በቋንቋቸው የሆነ ነገር ጠየቀው፤ ሀይሶ ራሱን ነቀነቀ። ላሚሶ እጁን ዘርግቶ የወንድሙን አንገት ያዘና ወደ ደረቱ ሳበው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እንግዲያ እግሬ አልጠፋም» አለኝ፤ «ያው፣ እዚህ ቁጭ ብሏል።»

አልቅሻለሁ። ሰውየው እግሩን አጥቶ እኔን አጽናናኝ። እናንተ የአዳኝ ወጉን ታውቁታላችሁ፤ አዳኝ ሲቀመጥ የጣለውን ይቆጥራል፣ ይፎክራል። እኔም ጎሽ አለኝ፣ ነብር አለኝ፣ ደጋ አጋዘን አለኝ። ጉማሬውን ግን ቆጥሬው አላውቅም። በዚያ ጠዋት ምን አገኘህ ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ ሀይሶ እላለሁ። ባለፈው ጥር ልጅ ወለደ፤ ክርስትናውን አሥር ሰው ይዤ ሄጄ በላሁለት።