ግማሽ ዙር

ባለፈው የገበያ ቀን አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ከሮቢት የጭነት መኪናውን ይዞ ጋራዤ መጣ። መኪናው ናፍጣ ነው፤ ካምቢዮው አውቶማቲክ። ሞተሩን አዲስ አበባ ወስዶ ጉልበት አስጨምሮበታል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ጎማው አይታዘዝም። ይህን ሁሉ በሥርዓት ካስረዳኝ በኋላ፣ ከበሩ በላይ በትልቁ ያስጻፍኩትን ስሜን ቀና ብሎ አየና፣ «የኑሩ ተማሪ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» አለኝ።

ያልሰማሁ መስዬ ከመኪናው ሥር ገባሁ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ኑሩ ከቆቦ ከሄደ ስንት ዘመኑ! የራሴን ጋራዥ ከከፈትኩ፣ ልጆቼን በዚህ እጄ ካሳደግሁ በኋላ፣ ዛሬም ሰው የሚጠራኝ በእሱ ስም ነው። ቅናት ከሽበት ጋር ይለቃል የሚል ካለ ገና አልሸበተም ማለት ነው። ከመኪናው ሥር ተንጋልዬ የተቃጠለ የካምቢዮ ዘይት ሲሸተኝ፣ ያ ሽታ ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ።

ያኔ ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። የምሠራው አያ እድሪስ ጋራዥ ነበር። አያ እድሪስ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም፤ እኔም አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ ነኝ፤ ስድስት ዓመት አብረን ስንውል እንደ ልጃቸው መሆኔ የታወቀ መሰለኝ። ጥገናው ያለቀ መኪና ሲሞከር ጋቢና ውስጥ ከጎናቸው የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት አዝመራው ሲገባ ሐጅ ሊሄዱ አስበው ነይተዋል። የጋራዡን ቁልፍ ለማን ትተው እንደሚሄዱ አልተናገሩም። እኔም አልጠየቅሁም፤ ከእኔ ሌላ ማን አለ ብዬ።

ውሃ ሊቆፍሩ የመጡ ፈረንጆች ትተውት የሄዱትን አንድ መኪና አያ እድሪስ በጨረታ ገዝተው ነበር። ካምቢዮው አውቶማቲክ ስለሆነ የፍሪሲዮን መርገጫ የለውም። የቆቦ ሹፌር ሁሉ እየመጣ፣ ግራ እግሩን የት እንደሚያሳርፈው ጠፍቶት ስቆ ይመለሳል። የአያ እድሪስ ሐሳብ ማሽላና ሽንኩርት ጭኖ፣ በዋጃ አድርጎ፣ ከአላማጣ በላይ ያለውን የግራካሱን ዳገት ወጥቶ ኮረም ገበያ እንዲያደርስ ነው። ያላቸውን ሁሉ አውጥተውበታል፤ የሐጁም ስንቅ ከእሱ ነው የሚጠበቀው።

ሞተሩ ለዚያ ዳገት ደካማ ነበር። ያበረታሁት እኔ ነኝ። ከወደቀ መኪና ላይ አየር እየገፋ ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ ፈትቼ ገጠምኩለት፤ የናፍጣ ፖምፓውን ብሎን አዙሬ ናፍጣ አበዛሁለት። እስከ ዋጃ ባለው ሜዳ በረረ። አያ እድሪስ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «ሰይድ፣ እጅህን አላህ ይባርከው» አሉኝ። ዳገቱ ላይ ግን፣ ሁለተኛው ጥምዝ ሳይደርስ፣ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ቆመ። ካምቢዮው ጉልበቱን አልቻለውም። ተጎትተን ወደ ቆቦ ስንመለስ የዋጃ ልጆች እያጨበጨቡ ሸኙን።

አያ እድሪስ ሁመራ ሰው ላኩ። ከሁመራ እርሻ፣ ትራክተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ የኮምቦልቻ ልጅ መጣ። ኑሩ ይባላል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የማይወጣው፤ በዕድሜ ቢበልጠኝ በሁለት ዓመት ነው። እሱን ለመጥላት ምክንያት ፍለጋ አልተቸገርኩም፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠና፣ «ይህን የሠራው ማነው? ጎበዝ ነው» አለ። ማን ጠየቀው?

ካምቢዮውን አውርዶ ንጹሕ ሸራ ላይ ዘረገፈው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ተደራርበው የተቀመጡ የፍሪሲዮን ዲስኮች አሉ፤ ዘይት በግፊት ሲያጣብቃቸው መኪናው ይሄዳል፤ ግፊቱ ካነሰ ይንሸራተቱና ይቃጠላሉ። ኑሩ መሐል ያሉትን ብረቶች አስሞርዶ አሳሳቸውና በተረፈው ቦታ ተጨማሪ ዲስኮች አስገባ። ግፊቱ እንዲጨምር ከሚቆጣጠረው ሞላ ሥር ሮንዴላ ደረበ። ዘይቱ እንዳይግል ከአሮጌ ራዲያተር ቆርጦ ማቀዝቀዣ ሠራለት። የሚሠራው ሁሉ ልክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚያበሽቀኝም እሱ ነበር። ቢሳሳትማ እወደው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አያ እድሪስ «ኑርዬ» ሲሉት ሰማሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሰይድ ያሉኝ ሰው! ያን ቀን ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። በገበያም ወሬው ሁሉ ስለ እሱ ሆነ፤ ሞተሩን ማን እንዳነቃው ያነሣ ሰው የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኔ ወርቅ ግን ኑሩን አደመቀው።

ሥራው ሲያልቅ ኑሩ ፖምፓውን ራሱ አስተካከለና የናፍጣውን ብሎን ጫፍ በሚስማር ጭሮ ምልክት አደረገበት። «ከዚህ በላይ እንዳይዞር» አለ፣ ሁላችንንም እያየ። እኔን ለይቶ ያየኝ መሰለኝ።

ዕለቱ ጁምዓ ነበር። ሶላት ሲደርስ ሁሉም ወደ መስጊድ ሄዱ፤ እኔ አመመኝ ብዬ ቀረሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ የታመምኩትስ እውነት ነው። ፀሐዩ የጋራዡን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል፤ ከመንገዱ ማዶ የታጨደ የማሽላ አገዳ ይሸታል። ካቻቢቴዬን አንሥቼ ብሎኑን ግማሽ ዙር ጨመርኩት። ሐሳቤ ግልጽ ነበር፤ ነገ የሞተሩ ጉልበት ይበዛና ካምቢዮው ዳገቱ ላይ ይፈነዳል፣ ኑሩ ያፍራል፣ ወደ ሁመራው ይመለሳል፣ ቁልፉም ወደ እኔ ይመጣል። ካቻቢቴውን ጠርጌ ቦታው መለስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎች ለመኪናው ዱዓ አደረጉ። አሚን ሲባል እኔ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቀስኩ። ከዚያ አያ እድሪስ መሪውን ያዙ፤ እኔ በወዲያኛው በር ልገባ ስል፣ «ሰይድ፣ ዛሬ አንተ ከላይ ሁን፤ ኑርዬ ካምቢዮውን ያዳምጥልኝ» አሉ። ወንበሬ! የማሽላው ጆንያ ላይ ወጣሁ። አንዱ ሸኚ የወረወረልኝን ጥንቅሽ እያኘክሁ እስከ ዋጃ ተጓዝኩ፤ ማር የሚያስንቀው የቆቦ ጥንቅሽ አፌ ውስጥ እንጨት ሆነብኝ።

ዳገቱ ሲጀምር ግን ሌላ ነገር ታወሰኝ። ያን ብሎን ሳዞር በዓይኔ የመጣው የኑሩ ፊት ብቻ ነበር፤ በስተቀኝ ያለው ገደል አልታየኝም፤ ጋቢና ውስጥ አያ እድሪስ እንዳሉም አላሰብኩም። ካምቢዮው ዳገት ላይ ከለቀቀ ያን ሁሉ ጭነት የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬኑም የፈረንጆቹ አሮጌ ፍሬን። ከኋላችን ጥቁር ጭስ ጥምዙን ሞልቶታል። የጭነት መኪና ላይ የተጫነ ሰው ሹፌሩን ማስቆም ሲፈልግ የጋቢናውን ጣሪያ በእጁ ይመታል። እጄን አነሣሁ። ከመታሁ መኪናው ይቆማል፣ ምን ሆንክ እባላለሁ፣ መናገር አለብኝ። እጄን ጣሪያው ላይ አኖርኩት እንጂ አልመታሁም። ብረቱ ከእጄ ሥር ይንቀጠቀጣል። ዛሬም ከዚያ ቅናቴ ይልቅ የማፍረው በዚህ እጄ ነው።

ካምቢዮው አልፈነዳም። መኪናው ግራካሱን እንደ ሜዳ ወጣው፤ እኔ የጨመርኩለት ግማሽ ዙር ጭራሽ አበረታው። ኮረም ስንደርስ አያ እድሪስ ከመኪናው ወርደው ኑሩን ግንባሩን ሳሙት። «ማሻአላህ! ይህ ሁሉ ጉልበት ነበረው እንዴ?» አሉ። እሱን ለመጣል የቆፈርኩት ጉድጓድ ለእሱ ስም መሠረት ሆነ።

በማግስቱ ቆቦ ላይ ሙክት ታረደ። ፍሪንባው ለባለሙያው ነው፤ አያ እድሪስ በእጃቸው አንሥተው ለኑሩ ሰጡት። አስከትለውም በሰው ሁሉ ፊት ከወገባቸው የጋራዡን ቁልፍ ፈቱና በእሱ መዳፍ ላይ አኖሩት። ልነሣ ስል ኑሩ ሳህኑን ይዞ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና ፍሪንባውን ከፊቴ አኖረው።

«ብላ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ግማሽ ዙር ነው አይደል የጨመርከው?»

«መቼ አወቅህ?»

«ትናንት ጠዋት፣ ሳንነሣ። ምልክቱ ዞሯል።»

«ታዲያ ለምን አልመለስከውም?»

«ብመልሰው ሌላ ቀን ታዞረዋለህ። ካምቢዮው እስከ አንድ ዙር ይችላል፤ እንዲችል አድርጌ ነው የሠራሁት።» ሳቀ፣ እንደ ልማዱ ድምፅ ሳያወጣ። «ሞተሩን አውቀዋለሁ፤ አንተን ግን አላውቅህም ነበር። ሰው ሲቀና ስንት ዙር እንደሚያዞር ስለማይታወቅ፣ ይትረፍ ብዬ ነው። አብሽር፣ ለአያ እድሪስ አልናገርም።»

አልተናገረም። አያ እድሪስ ከሐጅ ተመልሰው እስኪሞቱ ድረስ አልሰሙም። ፍሪንባውን ግን አልበላሁም፤ ሳህኑን ገፍቼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በኑሩ ሥር ሠራሁ። ስለ ካምቢዮ የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ አንድም ቀን ያን ነገር አላነሣብኝም። ቢያነሣብኝ ይቀለኝ ነበር። የእጁን ሙያ ወርሼዋለሁ፤ የሆዱን ስፋት ግን እስካሁን እቀናበታለሁ።

ከሮቢቱ መኪና ሥር ስወጣ ሰውየው ቆሞ ይጠብቀኛል።

«አዎ» አልኩት፣ «የኑሩ ተማሪ እኔ ነኝ።»

ካምቢዮውን ለመሥራት አራት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን መጥቶ የደረብኩትን ዲስክ ቆጠረና ግንባሩን ቋጠረ። «ሞተሩ እኮ ይህን ያህል ጉልበት የለውም፤ አልበዛም?»

«መኪናው የብቻህ ነው?» አልኩት።

«አይ፣ የእኔና የወንድሜ ነው። ተራ በተራ ነው የምንነዳው።»

«እንግዲያው ይትረፍ» አልኩና አንድ ዲስክ ጨመርኩለት።