በምጥ ቤት ደጃፍ የጮኽሁት

ቅዱሳን ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ ቃል እንዲሰጠኝ እኔው መጠየቄ ሽማግሌዎቻችንን እንዳስገረማቸው አይቻለሁ። በዚህ ጉባኤ የኋላ ወንበር ላይ ብዙ ዘመን ዝም ብዬ የተቀመጥሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ሰሞኑን እህቶቻችን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ሴቶች ሲያስተምሩ ከነናዊቷ ላይ ደረሱ፤ ልቤም አላስቀምጥ አለኝ። ከእርሷ የተማርሁትን ልመስክር። ስሙ ይባረክ!

ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ቆጥሬ ያደግሁ፣ ኋላም ታሪክ አጥንቼ በኮምቦልቻ የማስተምር መምህር ነበርሁ። ስለ እግዚአብሔር ብትጠይቁኝ አንድምታውን እደረድርላችሁ ነበር፤ እርሱን ራሱን አንዳች ነገር ለምኜው ግን አላውቅም።

ዘመኑ የደርግ ነው። የጸሎት ቤቱ ታሽጓል። ባለቤቴ ብርቄ ጌታን ተቀብላ ስለ ነበር ከጥቂት እህቶች ጋር በጓዳችን ትሰበሰብ ነበር። ድምፅ ከወጣ ቀበሌው ይሰማል፤ ስለዚህ እንደ ሐና ከንፈራቸውን ብቻ እያንቀሳቀሱ ይጸልያሉ። እኔ ሳሎን ተቀምጬ የተማሪ ፈተና አርማለሁ። አልከለክላቸውም፤ አልቀላቀላቸውምም።

የመጀመሪያ ልጃችን ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛውን ስታረግዝ ደሴ ያለው ሐኪም ወደ ጎን ጠርቶ፣ «መምህር፣ እኚህን ሴት በቤት እንዳታዋልዷቸው። ምጥ እንደ ጀመራቸው ይዘዋቸው ይምጡ፤ አለዚያ ሁለቱንም ያጣሉ» አለኝ።

ምጡ በጠራራ ፀሐይ ጀመራት። መኪና ፍለጋ ወደ መናኸሪያ ሮጥሁ። መንገዱ ተዘግቷል! ወታደር የጫኑ መኪኖች የሐረጎን ዳገት ይዘውታል፤ ሌላ መኪና ወደ ደሴ አይወጣም። «መቼ ነው የሚከፈተው?» ብዬ ብጠይቅ የኬላው ፈታሽ፣ «እሱን ለእኔም የሚነግረኝ ባገኘሁ» አለኝ።

ስመለስ እትዬ ዘሃራ ደርሰው አገኘኋቸው። ሰፈሩን ሁሉ ያዋለዱ ሙስሊም ጎረቤታችን ናቸው። የጓዳው እህቶችም መጥተዋል። በደንባችን ወንድ ምጥ ቤት አይገባምና ግቢው ውስጥ ቆምሁ። ወገኖቼ፣ ከውስጥ ምን እንደ ሰማሁ ታውቃላችሁ? እነዚያ ሲያንሾካሹኩ የኖሩ ሴቶች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ! ለካ የምጥ ቤት ጩኸት ማንም አይጠይቀውም። ጎረቤቱ «ማርያም፣ ማርያም!» ይላል፤ እትዬ ዘሃራ «ያ ረቢ!» ይላሉ፤ በዚያ መካከል የኢየሱስ ስም በግልጥ ይጠራል። ሃሌ ሉያ!

በዚህ ጊዜ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ ከች አለ።

«ጓድ መምህር፣ የምን ስብሰባ ነው?»

«ምጥ ነው» አልሁት።

ሳያስበው ቆቡን አውልቆ፣ «ማርያም ትቅረባት!» አለ። በውይይት ክበብ አምላክ የለም እያለ የሚያስተምረን እርሱ ነው! እትዬ ዘሃራ ውሃ ሊቀበሉ ብቅ ብለው ኖሮ፣ «አየህ፣ ስትደነግጥ ታውቀዋለህ! ቆመህ ከምታፈጥ እንጨት ፍለጥልን» አሉት። ሳቀና ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ መጥረቢያ አነሣ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘሃራ እንደገና ወጡ። ፊታቸው ተለውጧል። «አብሽር፣ ልጄ። ልጁ በሆዷ ውስጥ ተጋድሟል፤ አልዞር አለ። የእኔ እጅ እስከዚህ ድረስ ነው» አሉኝ።

ተከትለዋቸው የእህቶቹ ታላቅ፣ እትዬ ጥሩነሽ መጡ።

«ምነው አቀርቅረህ ቆምህ?»

«ምን ልበል እትዬ? ቃል አጣሁ።»

«አንተ ቃል አጣህ? ስማኝ። ሐና በልቧ ጸለየች፣ ተሰማላት። ከነናዊቷ ግን ልጇ በጋኔን ተይዛባት ነበርና ደቀ መዛሙርቱ እስኪሰለቻቸው ድረስ ጮኸች። አሰናብታት ቢሉትም አልሄደችም፤ ቀርባ ሰገደች። ያን ጊዜ ምን እንዳለች ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።» በግዕዝም በአማርኛም አውቀዋለሁ።

«እንግዲያ በላ!»

ጥበቃው እዚያው እንጨት እየፈለጠ ነው። ሴት በምጥ ቤት ብትጮኽ ደንብ ነው፤ ወንድ፣ ያውም የመንግሥት መምህር፣ ኢየሱስን ጠርቶ ቢጮኽ መጨረሻው እስር ቤት ነው። ነገር ግን «ሁለቱንም ያጣሉ» የሚለው የሐኪሙ ቃል በጆሮዬ ነበር። አፈሩ ላይ ተንበረከክሁ።

«ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እርዳኝ!»

ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ያንኑ ደጋግሜ ጮኽሁ። የመጥረቢያው ድምፅ ቆመ። ኮቴ ወደ እኔ ሲቀርብ ሰማሁ፤ አልፎኝም ሄደ። ጥበቃው ወጥቶ የግቢውን በር ከውጭ ዘጋውና መንገድ ላይ ለቆሙት ሰዎች፣ «ምጥ ነው፣ ምጥ! ምን ትሰበሰባላችሁ? እለፉ!» አላቸው።

ጥቂት ቆይቶ ከቤት ውስጥ እልልታ ወጣ። ጌታ ሆይ፣ ተመስገን! እትዬ ዘሃራ ላባቸውን እየጠረጉ ብቅ አሉ። «ወላሂ፣ እጄን ሳላሳርፍ ነው የዞረችው! ሴት ናት። ብርቄም ደኅና ናት።»

መንገዱ ሲከፈት እናትና ልጅን ደሴ ወሰድናቸው። ሐኪሙ መርምሮ፣ «አንዳንድ ጊዜ ፅንሱ በራሱ ይዞራል» አለ። ለትምህርቱ አክብሮት ስላለኝ አልተከራከርሁትም። «ልክ ነው ዶክተር፤ እኛም እንዲዞር ለምነን ነበር» አልሁት። ፈገግ አለና እጄን ጨበጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ከእህቶቹ ጋር በጓዳ ተቀመጥሁ፤ ጌታንም ተቀበልሁ። ይህን ሳልናገር የቆየሁት መጀመሪያ ያ ጥበቃ በእኔ ምክንያት እንዳይጎዳ ብዬ ነው፤ ቀጥሎ ዝምታው ልማድ ሆነብኝ።

ያቺ ልጅ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ብርቄም እዚያ ተቀምጣለች፤ ንግግሬ እንዳይረዝም በዓይኗ እያሳሰበችኝ ነው። ለሰጠኝ ሁሉ ክብር ለእርሱ ይሁን!

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ቃል ማሳመር የለመደ፣ መለመን ግን የሚያሳፍረው ሰው ካለ፣ ከጉባኤው በኋላ ወደ እኔ ይምጣ። ጌታ የታመነ ነው። አጠገቡ እንበረከካለሁ፤ ካፈረም እኔ ቀድሜ እጮኽለታለሁ።