የማሾ ለቃሚዎች ድርሻ

ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ ሰዓዳ የበሬ አጥንት በዝንጅብልና በቀረፋ ስትቀቅል፣ ሽታው ከማድ ቤት ወጥቶ እደጅ ከተቀመጥኩበት ደረሰ፤ የልጅነቴም ንዴት አብሮት መጣ። ሾርባውን የተማረችው ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ፣ አብራት ከነበረች የኢንዶኔዥያ ልጅ ነው። የተፈጨ ሥጋ አድቦልቡላ መረቁ ውስጥ ትጥልና፣ እንደ ክር የቀጠነ፣ ሲበስል እንደ ብርጭቆ የሚያሳይ ኑድል ትጨምርበታለች። «እማማ፣ ይሄ ክር እኮ የሚሠራው ከማሾ ነው፤ እነሱ አገር ከሥጋ ጋር ነው የሚበላው» አለችኝ። ማሾ ከሥጋ ጋር። እኔ ባደግሁበት ቤት ማሾ ለቃሚዋና ሥጋው አንድ ገበታ ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ማሾው፣ ያ ደቃቁ አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ይደርሳል፤ ማሾ ደግሞ እንደ ጤፍ ባንዴ አይታጨድም፤ አንዱ ሲጠቁር ሌላው ገና አረንጓዴ ስለሆነ በእጅ እየተመረጠ ደጋግሞ ይለቀማል፣ ፀሐይ ከበረታች ፈንድቶ ይረግፋል። ስለዚህ እኛ ሴቶቹ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ማሳ ወርደን፣ ጎንበስ እንዳልን ረፋዱን እናደርሰው ነበር። ወንዶቹ በሬ ጠምደው ያርሱ ነበር እንጂ ለቀማውን አይነኩትም፤ የሴት ሥራ ነው ተብሎ።

በበዓል ሥጋ ሲኖር ጭልፋውን የምትይዘው የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ፋጡማ ነበረች። መጀመሪያ ለአባወራዎቹ፣ ቀጥላ ለወንዶች ልጆች ታወጣና፣ ለእኛ መረቁን በጎድጓዳ ሳህን ቀድታ፣ «ጉልበት የሚሰጠው መረቁ ነው» ትለን ነበር። ጉልበት የሚሰጥ ከሆነ ለምን ለአራሾቹ እንደማትሰጥ ብጠይቃት፣ ወደ እናቴ ዞራ፣ «የዚች ምላስ ባል አያስገኝላትም» አለቻት።

አንድ ዓመት አረፋ ከማሾ ለቀማ ጋር ገጠመ። እናቴ ትንሿን እህቴን ከወለደች ሁለት ወር አልሞላትም፤ ሕፃኗን አዝላ ማሳ ትወርድ ነበር፣ ጡቷም መንጠፍ ጀምሯል። ያን ቀን በታናሽ ወንድሜ በሙሔ ሳህን ላይ አንድ ትልቅ ሙዳ ሥጋ አየሁ፤ ተነሥቼ አነሣሁትና እናቴ ሳህን፣ መረቋ ውስጥ ከተትኩት።

«ከወንድምሽ አፍ?» አለች እትዬ ፋጡማ።

«እሱ አልለቀመም» አልኳት።

በጭልፋው ጀርባ መታችኝ። ምቱን እረሳዋለሁ፤ የማልረሳው እናቴ ሙዳውን በጣቷ አውጥታ፣ አንጠብጥባ፣ ፈገግ ብላ ለሙሔ ስትመልስለት ነው። አባቴ እያያት አጥንቱን ይግጥ ነበር።

በጋው ሲገባ ጡቷ ጭራሽ ደረቀ። የፍየል ወተት ከጎረቤት እየለመንን በጥጥ ለሕፃኗ እናንጠባጥብላት ነበር፤ እሷ ግን ከሳች፣ ድምፅዋም እየሳሳ ሄዶ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጥል ቀበርናት። እናቴ ሥጋ ብትበላ ኖሮ ሕፃኗ ትተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ለቀስተኛው ሁሉ «የአላህ ቀደር ነው» አለ፤ ቀደርን አምናለሁ። ሥጋውን ያከፋፈለው ግን አላህ አልነበረም፣ ጭልፋ የያዘች እጅ ናት። እናቴንም ከእነ እትዬ ፋጡማ እኩል አኩርፌያታለሁ፤ ፈገግታዋን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

ሙሔ አሁን ሽማግሌ ነው። ያን ዓርብ ሾርባውን ሊቀምስ መጥቶ ስለነበር፣ ያቺን አረፋ ታስታውሳታለህ ወይ አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ ያለ አንዳች ተንኮል፣ «የሥጋው ጣዕም አሁንም አፌ ላይ አለ» አለኝ። ሌላውን አያውቀውም። እሱን አልቆጣም፤ ልጅ ነበር፣ ሰጡት፣ በላ።

ሰዓዳ ድቡልቡሎቹን ለሙሔም፣ ለልጄም፣ ለእኔም፣ ለራሷም እኩል እኩል አወጣች። ማንም አላጉረመረመም፤ ቤቱም አልፈረሰም። ያኔ እንደማይቻል ሆኖ የተነገረን ነገር ይኸው ነበር፤ አንዲት ሴት ብቻዋን በጭልፋ የምትሠራው፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ።