የዲኑ ጆሮ

በምህንድስና ኮሌጁ የዲን ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዲን ተቀብዬ ብዙ ሸኝቻለሁ። አንዱ ቁጡ፣ አንዱ እንቅልፋም፣ አንዱ ደግሞ ከስብሰባ የማይወጣ ነበር። እኚህኛው ግን ለየት ይላሉ። ስማቸው ሲነሳ ሰው ሁሉ "እንደሳቸው የሚያዳምጥ ዲን አላየንም" ይላል። ይህን ስሰማ ሳቄ ይመጣል፤ ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል።

ፕሮፌሰሩ የመካኒካል ምህንድስና ሰው ናቸው። አባታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ ጋቢና ውስጥ አደጉ ማለት ይቻላል። ኮሌጁን በማዕረግ ጨርሰው እዚያው ረዳት መምህር ሆነው ቀሩ። ለዶክትሬት ውጭ ሄደው፣ እዚያው ቅሩ ቢባሉ እምቢ ብለው ተመለሱ። ያኔ የሞተር ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍል የተሰበረ ወንበር የታጨቀበት መጋዘን ነበር። ወንበሩን አስወጥተው፣ ከየጋራዡ የተጣለ ሞተር እየለመኑ አምጥተው፣ አንድ በአንድ አስነሷቸው። ፕሮፌሰርነቱን ያገኙት በጥናታቸው ነው፤ ስም ያወጡት ግን በዚያ ክፍል ነው።

አስተማሪነታቸው እንዲህ ነበር። ተማሪ ከመግባቱ በፊት የአንዱን ሞተር አንድ ቫልቭ ሆን ብለው ያላሉታል። ሞተሩ እያንኳኳ ይነሳል፤ ተማሪው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። መፍቻ መንካት ክልክል ነው። "መጀመሪያ ስሙት! ምኑን እንደሚያመው ሳታውቁ ሆዱን ልትቀድዱት ነው?" ይላሉ። እሳቸውማ ከጋራዥ አዲስ የመጣ ሞተር ሲነሳ በር ላይ እንደቆሙ "ሦስተኛው ሲሊንደር" ይላሉ፤ ሲከፈት እውነትም ሦስተኛው ነው። ተማሪዎቹ "ጆሮ" ብለው ቅጽል ስም አወጡላቸው። ተማሪው በሳምንት አንዴ ነው የሚገባው፤ እሳቸው ግን ከዚያ ጩኸት ውስጥ ወጥተው አያውቁም። የጆሮ መከላከያ ያድርጉ ሲባሉ ይስቁ ነበር፤ "ጆሮዬን ደፍኜ ምኑን ልሰማው?"

ዲን ሁኑ ሲባሉ ዓመታት እምቢ ብለው ኖረው፣ አንድ ቀን በድንገት እሺ አሉ። "ወንበር አማራቸው" ተባለ። እኔም ብዬአለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። በመጡበት ቀን ጠረጴዛውን አዞሩና እንግዳው ፊቱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ እንዲሆን አደረጉ። ወይ ጉድ፣ ምርመራ ክፍል ነው እንዴ? አልኩ በሆዴ። "ስልኩን አንቺ አንሺው፤ የተባለውን ጽፈሽ አምጪልኝ" ሲሉኝ ደግሞ ኩራት ነው ብዬ ደመደምኩ። ባለጉዳይ ሲገባ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ፊት ፊቱን ያዩታል። ሰውየው የልቡን ተናግሮ፣ ደስ ብሎት ይወጣል።

አንድ ቀን ጣሪያ የሚጠግን ተቋራጭ መጣ። ጺሙ አፉን ውጦታል። ብዙም ሳይቆይ ፕሮፌሰሩ በሩን ከፍተው "ነይ እስቲ፣ አጠገባችን ቁጭ በይ" አሉኝ። ሰውየው ሲናገር እሳቸው ወደ እኔ ዞር ይላሉ፤ "ምን አሉ?" እኔ እደግመዋለሁ። ኧረ ሰውየው የሚናገረው የገዛ ቋንቋችንን ነው! እሱ ሲወጣ ፕሮፌሰሩ ፊታቸውን ወደ መደርደሪያው አዙረው ፋይል ይፈልጉ ጀመር። ከኋላቸው ቆምኩና "ፕሮፌሰር፣ ጣሪያው እየተቃጠለ ነው" አልኩ። ፍለጋቸውን ቀጠሉ።

ያኔ ገባኝ። ዞር ሲሉ ፊቴን አይተው እንዳወቅሁባቸው ገባቸው።

"ለማንም" አሉ።

"ለማንም" አልኩ።

ከዚያ በኋላ ከሚስታቸውና ከእኔ በቀር እንደማይሰሙ የሚያውቅ አልነበረም። ለካስ ዲንነቱን የተቀበሉት ወንበር አምሯቸው ሳይሆን ከሞተሩ ክፍል ሊሸሹ ነው።

በሴሚስተሩ አጋማሽ የሞተር ትምህርት የሚሰጠው ወጣት መምህር የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ያን ትምህርት ያልወሰደ አይመረቅም። ሌላ አስተማሪ ቢፈለግ ታጣ። ዲኑ ራሳቸው ይግቡ ሲባል "ጊዜ የለኝም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፍ" አሉ። የተመራቂዎቹ ተወካይ፣ አንዲት ምላሰኛ ልጅ፣ ቢሮዬ መጥታ "ወንበር ከያዙ ወዲህ ሞተር ረሱ አይደል?" አለችኝ። ደሜ ፈላ! ግን ምን ልበላት? ምላሴን ነክሼ ሸኘኋት።

ከዚያ እሳቸው ቢሮ ገባሁና በሩን ዘግቼ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ተቀመጥኩ።

"ፕሮፌሰር፣ እነዚህ ልጆች ምን በደሉ?"

"ገብቼ ምን ላስተምር? እኔ ሳልሰማ 'ስሙት' ልበል? 'ጆሮ' ሲሉኝ ኖረው አሁን ይሳቁብኝ?"

"ይሳቁ! ስቀው ይመረቁ። ዓመት ሙሉ ቤታቸው ቁጭ ብለው ከሚያለቅሱ ይሻላል።"

አበዛሁት ብዬ ደነገጥኩ፤ ግን አልመለስኩትም።

"የአንቺ ምላስ አይጣል ነው" አሉ። "ሰኞ ጠዋት ስብሰባ አትያዢብኝ።"

ሰኞ ፋይል ታቅፌ፣ ሥራ ያለኝ መስዬ ተከተልኳቸው። ፕሮፌሰሩ በሞተሩ ክፍል ተማሪዎቹ ፊት ቆሙ።

"ከመጀመራችን በፊት፣ እኔ አልሰማም። ጆሮዬን የበላው ይሄ ክፍል ነው። መከላከያ አድርግ ስባል እስቅ ነበር። እናንተ መከላከያ ታደርጋላችሁ፤ ሞተሩን የሚያዳምጠው ብቻ ነው ለአፍታ የሚያወልቀው። ስታወሩኝ ፊታችሁን ወደ እኔ አድርጉ።"

ማንም አልሳቀም። ምላሰኛዋ ልጅ አንገቷን ደፋች።

ሞተሩ ተነሳ። ፕሮፌሰሩ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አሳርፈው "ምን ይላል?" እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁ። አንዱ "ጠቅ ጠቅ"፣ ሌላው "ቋ ቋ" ሲል ከንፈሩን ያነባሉ። አንድ ጎረምሳ "አንደኛው ሲሊንደር ነው፣ እርግጠኛ ነኝ!" አለ። "አስተካክለው" አሉት። ሞተሩ ጠፍቶ ተከፈተ፤ ልጁ የጤነኛውን ቫልቭ ብሎን አዙሮ ዘጋው። ሲነሳ ማንኳኳቱ ከበፊቱ ባሰ። ልጁ ላብ በላብ ሆነ። "ገመትክ፤ አላዳመጥክም። አሁን ያዞርከውን መልስ" አሉት።

ልጁ ብሎኑን መልሶ ሞተሩ ሲነሳ ምላሰኛዋ ልጅ ተጠጋች። ዓይኗን ጨፍና ዙሪያውን ዞረችና "አራተኛው" አለች። ተከፈተ፤ እውነትም የአራተኛው ሲሊንደር ቫልቭ ነበር የላላው። አጠበቀችው። ሞተሩ እንደገና ተነሳ።

"አሁንስ? ምን ይሰማል?" አሉ ፕሮፌሰሩ።

ልጅቷ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀና አለችና ከንፈሯ እንዲታይ ቀስ ብላ "ምንም፣ ፕሮፌሰር። የሚንኳኳ ነገር የለም። ምንም አይሰማም" አለች።

"እንግዲያው" አሉ፣ "አሁን እኔና እናንተ እኩል እንሰማለን።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው እጃቸውን ከሞተሩ ላይ ሳያነሱ፣ ሳቁን ከእያንዳንዱ ልጅ ፊት ላይ እየተከተሉ ያዩ ነበር። እኔ አላስቻለኝም፤ ፋይሉን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።